ከእኔ ምን ወሰደ?

ዝሜን የማያውቃት ሰው ኩራተኛ ናት ይላል። ሰላም ሲሏት በአፍንጫዋ «እህም» ትልና ራሷን ነቅነቅ ታደርጋለች፤ አለቀ። እኔ ግን ከጎኗ ተቀምጬ ስሰፋ ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝና ልንገራችሁ፤ ኩራት አይደለም፣ አፏ ሞልቶ ነው። ዝሜ ብለን ስም ያወጣንላትም እኛው የሥራ ባልደረቦቿ ነን።

ሥራችን የሙሽራ ቬሎ መስፋት ነው። እኔ ስፌት መኪናው ላይ ነኝ፤ እሷ ዶቃ ትሰፋለች። ከአተር ፍሬ ያነሰ፣ ነጭ፣ መሃሉ ላይ ለክር የሚሆን ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ዶቃ ነው። ሌላው ሰፊ ዶቃውን ከሳህን እየለቀመ ነው የሚሠራው። ዝሜ ግን ቆንጠር አድርጋ አፏ ውስጥ ትጨምርና በታችኛው ከንፈሯና በጥርሷ መሃል ትደረድረዋለች። ከዚያ ምላሷ አንድ አንዱን ወደ ከንፈሯ ጫፍ ይገፋል፣ መርፌዋ ሄዳ ታነሳዋለች፣ ቀኝ እጇ ከጨርቁ ሳይነሳ የቬሎው ደረት ሞልቶ ታገኙታላችሁ። እኔም ስፒል በከንፈሬ እይዛለሁ፣ ቆራጩም ይይዛል፤ በእኛ ሙያ አፍ ሦስተኛ እጅ ነው። እንደ እሷ ያለ ግን አላየሁም።

ያቺ ሴት ታዲያ ምሳ ሰዓት ላይ ዶቃዋን መዳፏ ላይ ትተፋና አፏ ነፃ ሲወጣ የምታወራው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስለ ባሏ እህት።

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ልጃቸው ሲወለድ እህቱ «ለጥቂት ጊዜ ላግዝሽ» ብላ መጣች፤ እንደመጣች ቀረች። ረጅም፣ ቀይ፣ ሳቂታ፣ ጨዋታ ወዳድ ሴት ናት። አግብታ ፈትታለች፣ ልጅ ግን አልወለደችም። ዝሜ ጠዋት ወጥታ ማታ ስትገባ፣ ልጁን የምታበላውም የምታጥበውም የምታስተኛውም እሷ ሆነች። ልጁም አፉን ሲፈታ መጀመሪያ ያለው «እማ» አይደለም፤ «አኪዬ» ነው። አክስቴ ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱም እኛም አኪዬ እያልን ነው የምንጠራት። የዝሜ አንጀት የዚያን ዕለት አረረ።

«እትዬ፣ እስቲ ይፍረዱ» ትለኛለች። «አምጬ የወለድኩት እኔ፣ የሚጠራው እሷን!»

«ልጅ ምን ያውቃል? ያጎረሰውን ይጠራል» እላታለሁ።

«የሚጎርሰውን የማመጣውስ ማን ሆነና ነው?»

 ሳንድዊቼን ቆርሼ ግማሹን አቀብላታለሁ።

አንድ የእረፍት ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ሁለት ክፍል ናት፤ ፊት ለፊት ያለችው ሶፋና ቴሌቪዥን የያዘች፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ ዝሜ ሥራ ሲበዛባት ወደ ቤት የምታመጣውን ቬሎ ተቀምጣ የምትሰፋባት ዝቅተኛ ዱካ አለች። የዶቃው ቆርቆሮ ክዳኑ ተገጥሞ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ተቀምጧል። ጠንቃቃ ናት፣ አልዋሽም። ነገር ግን ዶቃ አሸዋ ማለት ነው፤ ከቀሚስ ጠርዝ፣ ከጫማ፣ ከፀጉር ይወጣል። እኔ ራሴ ቤቴ አልጋ ውስጥ ስንቴ አግኝቼዋለሁ።

ልጁ ያኔ ሁለት ዓመት አልፎት ሦስት ሊደፍን ነው። ድንቡሼ ነው የምንለው፤ ጉንጩ ሊፈነዳ የደረሰ ነበር። የአኪዬን ሻርፕ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ፣ ልክ እንደ እሷ «ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!» እያለ ከሶፋው እስከ በሩ ተመላለሰ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አኪዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ዝሜ ብቻ ፊቷ ድንጋይ ሆነ።

«ያዩታል አይደል?» አለችኝ ውሃ ልትጨምርልኝ ጎንበስ ብላ። «አካሄዱ የእሷ። ሳቁ የእሷ። ዓይኑና አፍንጫው የአባቱ። ከእኔ ምን ወሰደ?»

«ጆሮው ያንቺ ነው» አልኳት ላስቃት ብዬ።

«ጆሮ! ጆሮ ምን ያደርግልኛል? ስጠራው ለማይሰማኝ!»

የዚያኑ ቀን ቀይ የመጫወቻ መኪና ገዝታለት ነበር። ልጁ ተቀበላት፣ ገለበጣት፣ ጎማዋን ቀመሰ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ሄዶ «አኪዬ፣ እንኪ» ብሎ ሰጣት። ዝሜ ተነስታ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። ወይ ቅናት! የማያውቀው ሰው ይሳቅበት፤ እኔ አልስቅም።

አኪዬም ብትሆን ንጹሕ አይደለችም። ዝሜ በር ስታንኳኳ ልጁ ሊሮጥ ሲነሳ «ና፣ ፊትህ ቆሽሿል» የምትል እሷ ናት። እናትየው ስታቅፈው «ሳታስበው እንዳትጥይው» የምትል እሷ ናት። ሁለቱ ልጁን እንደ ቬሎ ጨርቅ ግራና ቀኝ ይዘው ይጎትቱታል፤ መሃሉ የሚቀደድ አይመስላቸውም።

ሳሉ የጀመረው ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፤ ሽሮፕ ተሰጠው። ቀለል አለው፣ ተመልሶ መጣ። ትኩሳት ተጨመረበት፤ የሳንባ ምች ነው ተብሎ መድኃኒት ታዘዘለት። እሱን ሲወስድ ይሻለዋል፣ ሲጨርስ ይብስበታል። ሲተነፍስ ከደረቱ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ድንቡሼ የሚለው ስም ሰፋው፤ የማጥበብ ሥራ ለምዶብኝ እንኳ ያንን ማጥበብ አልቻልኩም።

በሁለቱ ሴቶች መሃል ያለው ነገርማ ጦር አውርድ ሆነ። ዝሜ «ቀዝቃዛ ውሃ እያጠበችው ነው» ትላለች። አኪዬ «ከልብስሽ የሚነሳው የጨርቅ ብናኝ ነው ያሳመመው» ትላለች። ባልየው መንገድ ላይ ሳለ ሲደወልለት የሚያውቃት አንዲት ቃል ናት፤ «ተስማሙ»። አይ ወንድ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ እያለን የዝሜ ስልክ ጮኸ። አኪዬ ናት። «ሆዱ እስኪገባ እየተነፈሰ ነው፣ ወደ ሆስፒታል ይዤው እየሄድኩ ነው» አለች። ዝሜ ዶቃዋን መሬት ላይ ተፍታ ሮጠች። ቦርሳዋን ረስታ ስለነበር እኔም ይዤላት ተከተልኳት። ብቻዋን እንዴት ልተዋት?

ደርሰን ስናይ ልጁን አልጋ ላይ አድርገው ኦክስጅን ሰክተውለታል። በኋላ የሕፃናት ሐኪሟ የደረቱን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅላ ጠራችን። ወጣት ናት፤ ድምጿ ለስለስ ያለ፣ ዓይኗ ግን የማይለቅ።

«ይሄ የግራ ሳንባው ነው፤ ጥቁር ሆኖ የሚታየው አየር ስላለበት ነው» አለች። «ይሄ ደግሞ የቀኙ። ታችኛው ክፍል ነጭ ሆኗል፤ አየር የለበትም። ተኮማትሯል፤ ሟሽሿል እንበለው።»

«ምን አሟሸሸው?» አለች ዝሜ።

«በዚህ ዕድሜ መንስኤው ብዙ ነው። የሳንባ ምች ወይም አስም ያለበት ልጅ አክታው ይወፍርና ቱቦውን ይደፍነዋል። አንዳንዴ ያበጠ ዕጢ ከውጭ ይጫነዋል። ደረቱ ሲመታ ወይም ሳንባው ሲቀደድ ደግሞ አየር ወጥቶ ሳንባውን ከውጭ የሚጨፈልቅበት ጊዜ አለ፤ የእሱ ግን እንደዚያ አይመስልም። ሌላው ልጁ አንድ ነገር ወደ ሳንባው ሲስብ ነው። ለውዝ፣ ባቄላ፣ የመጫወቻ ስባሪ። ቱቦው ከተዘጋ ከመዘጊያው ወዲያ የቀረው አየር ቀስ በቀስ በደም ይመጠጣል፤ አዲስ አይገባም። በሩ እንደተዘጋ ክፍል።»

«የገባ ነገር ካለ ራጁ አያሳይም?» አልኩ እኔ፤ አፌ አያርፍም።

«ብረት ቢሆን ያሳያል። ምግብና ፕላስቲክ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ ራጁን ሳይሆን እናንተን ነው የምጠይቀው። ሳሉ ከመጀመሩ በፊት ሲበላ ወይም ሲጫወት ድንገት ትን ብሎት ያውቃል?»

ዝሜ አኪዬ ላይ ዞረች። አፏ እንደዚያ ሲከፈት ዓይቼ አላውቅም።

«ለውዝ ታበላዋለች! ስንቴ ተይ አልኳት፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲቆረጥሙ በዓይኔ አይቻለሁ! ልጅ ያልወለደች ምን ታውቃለች? አንቺ ነሽ ልጄን የገደልሽው!»

«ለውዝ ከከለከልሽኝ ወዲህ አፉ አልገባም» አለች አኪዬ። ቀይዋ ሴትዮ ፊቷ አመድ መስሏል። «አልገባም አልኩሽ!»

«ውሸታም! ከቤቴ ውጪ! ዛሬውኑ ውጪልኝ!»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አለች ሐኪሟ፤ አልጮኸችም፣ ግን ዝም አሉ። «እዚህ ማንም አይከሰስም። አክታ ከሆነ በመድኃኒትና ደረቱን በማሸት እንቀጥላለን። የተሳበ ነገር ከሆነ ግን መድኃኒት አያወጣውም፤ አስተኝተን፣ በአፉ በኩል ቀጭን መመልከቻ አስገብተን ነው የምናወጣው። ደካማ ልጅ ነው፤ በግምት ማደንዘዣ ልስጠው አልፈልግም። ዝም ብለን ከጠበቅን ደግሞ ያ የሳንባው ክፍል ይበላሻል። ያያችሁትን ንገሩኝ።»

ዝሜ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው፤ ምን አየች? ሁላችንም አኪዬን አየናት። እሷ ሻርፗን በጣቷ ትጠመዝዛለች። ብትናገር ከቤት ልትወጣ ነው፤ ባትናገር የልጁ ሳንባ ነው። እኔ በልቤ «ተናገሪ፣ አንቺ ሴት፣ ተናገሪ» እላለሁ።

«ትን ብሎታል» አለች መጨረሻ ላይ።

ዝሜ ልትዘልባት ስትል ክንዷን ያዝኳት።

«በለውዝ አይደለም። አፉ ውስጥ ምን እንደነበረ አላየሁም። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ እየተጫወተ ነበር። እኔ ሳቅኩ፣ እሱም እኔን አይቶ ሳቀ፣ ሲስቅ ትን አለው። ከንፈሩ ጠቆረ። ጀርባውን መታሁት፣ አስመለሰው፣ ዝም አለ። ወዲያው ተነስቶ ሮጠ። ምራቁ ነው አልኩ።»

«ምን እየተጫወተ ነበር?» አለች ሐኪሟ።

አኪዬ መሬት መሬት አየች። «እናቱን።»

«ምን ማለት ነው እናቱን?»

«እናቱን ነዋ! ሥራ ስትሄድ በየቀኑ እሷን ነው የሚጫወተው። ዱካዋ ላይ ይቀመጣል። አሮጌ ጨርቅ ጭኑ ላይ ያደርጋል፣ ክር ይይዛል፣ ከንፈሩን እንዲህ ይገጥማል።» ከንፈሯን ገጥማ አሳየችን፤ ልክ ዝሜን! «ስጠራው አይመልስልኝም። «እህም» ነው የሚለኝ። ና ብላ ስለው እህም። ና እንጨፍር ስለው እህም። እሷ ከመግባቷ በፊት ጨርቁን አንስቼ እደብቀዋለሁ።»

«ለምን?» አለች ዝሜ። 

«ቀንቼ ነዋ!» አኪዬ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እኔ ነኝ ቀኑን ሙሉ አብሬው የምውል። የሚያጎርሰው የኔ እጅ ነው። እሱ ግን አንቺ የሌለሽበትን ቤት በአንቺ ይሞላዋል። ትን አለው ብዬ ብነግርሽ ምን ሲጫወት ትዪኛለሽ። ያንን ልሰጥሽ አልፈለግኩም። እስካሁን ድረስ ያለኝ አንድ ነገር እኔን ይመስላል ማለትሽ ነበር።»

  

ዝሜ ቀስ ብላ ጎንበስ አለች። የሥራ ቀሚሷን ታችኛ ጠርዝ በጣቷ እየዳበሰች ፈለገች፣ አገኘች፣ አወጣች። አንዲት ነጭ ዶቃ። በመዳፏ አድርጋ ለሐኪሟ ዘረጋችላት።

ሐኪሟ ወደ ብርሃን አንስታ አየቻት። «ቀዳዳ አላት» አለች። «ለዚህ ነዋ ሳይታወቅ የቆየው። መጀመሪያ በቀዳዳዋ አየር ሲገባ ሲወጣ ነበር። በኋላ ዙሪያው ሲቆጣ፣ አክታው ሲወፍር፣ ቀዳዳዋ ተደፈነ፤ ያኔ ሳንባው ሟሸሸ። የቀኙ ቱቦ ሰፋ ያለና ቀጥ ያለ ስለሆነ የተሳበ ነገር ብዙውን ጊዜ ወደዚያ ነው የሚወርደው። እንግዲህ ምን እንደምፈልግ አውቄያለሁ።»

ልጁን ወስደው በሩን ዘጉብን። መተላለፊያው ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ነው ያለው፤ እኔ መሃል ተቀመጥኩ፣ ግራና ቀኜ ሁለቱ። አንዷ ስትንቀሳቀስ ሌላዋ ትደነግጣለች። የዝሜ ዓይን በሩ ላይ ነው። «ውጪልኝ» ያለቻትን ሴትዮ አላባረረቻትም፤ አላየቻትምም።

«በየቀኑ ነው?» አለች ዝሜ፣ በሩን እያየች።

«በየቀኑ» አለች አኪዬ።

«እህም ይላል?»

«ይላል።»

«በየትኛው እጁ ነው መርፌ የሚይዘው?»

«በግራ። እንደ አንቺ።»

ዝሜ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ስትስቅ ነው ስታለቅስ ለማወቅ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ሁለቱንም ነበር። ከዓመት ዓመት የለመነችው ነገር ተሰጣት፤ አሰጣጡን ግን ለጠላትም አያድርገው። ከእኔ ምን ወሰደ ስትል ኖረች፤ የወሰደው ደረቱ ውስጥ ነበር።

ሐኪሟ ወጣች። በትንሽ ጠርሙስ ዶቃዋን ይዛለች፤ ቢጫ ሆናለች፣ አክታ ለብሳለች። «ወጥታለች» አለች። «ሳንባው በአንድ ጊዜ አይነፋም፤ ጊዜ ይፈልጋል፣ ግን አየር እየገባለት ነው።»  እኔ ሐኪሟን አቅፌ ሳምኳት፤ አፍራ ሳቀች። ዝሜ ጠርሙሱን አልነካችም። «ይጣል» አለች።

ሲነቃ አንድ ሰው ብቻ ይግባ ተባልን፤ ሦስታችንም ገባን። ነርሷ ተቆጣች፣ አልሰማናትም። ልጁ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ጣራውን አየ፣ ከዚያ እናቱን። አየት አድርጓት ከንፈሩን ግጥም አደረገ፣ ጥብቅ። በዚያች በዛለች፣ በሰለለች ድምፁ፣ በአፍንጫው፤

«እህም።»

ዝሜ አልጋው ሥር ተንበረከከች። «አይ፣ የኔ ጌታ፣ እሱ ቀርቷል» አለችው። «እየኝ። እማን እያት።» አፏን በሰፊው ከፈተች። ምላሷን አነሳች፣ ከንፈሯን በጣቷ ዝቅ አድርጋ አሳየችው። «ባዶ ነው። አየህ? ምንም የለም። አንተም አሳየኝ።»

ልጁ ትክ ብሎ አያት። እኔ ሳላስበው የራሴን አፍ ከፍቼ ቆሜያለሁ፤ አኪዬም ከኋላዬ ከፍታለች። ነርሷ ምን እንዳለችን እሷ ታውቃለች። ከዚያ ከንፈሩ ቀስ ብሎ ተላቀቀ፣ አፉ ተከፈተ፣ እስከ ጉሮሮው ድረስ ባዶ። እንደ ተከፈተም ትንፋሽ ሳበ፣ ሙሉ፣ ያለ ፉጨት፣ ጮኾም አለቀሰ።

«አኪዬ!» አለ።

አኪዬ ባለችበት ደረቀች። መቅረብ ፈራች። የዝሜ ጀርባ ተገታተረ፤ ከኋላዋ ቆሜ አየሁት፤ አሥር ዓመት አብሬያት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ቅናቷ የትም አልሄደም። ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ለባሏ እህት ቦታ ለቀቀችላት።

«ሂጂ፣ እየጠራሽ ነው» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ አኪዬ እንድትሰማት ድምጿን ሳትቀንስ፣ «ይጥራት» አለችኝ። «አፉን የከፈተው ግን እኔን አይቶ ነው።»